የፍስክ ወጥ በጾም ድስት

የሽምብራ ዓሣ ዓሣም ሥጋም የሌለበት፣ ግን በዓሣ ስም የሚጠራ የጾም ወጥ ነው። የሽምብራ ዱቄት በዘይት፣ በጨውና በቅመም ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ ተዳምጦ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል፤ በቢላ ጫፍ ቅርፊት የሚመስል መስመር ይሠመርበታል። እጀ ብልህ የሆነች ባለሙያ ዓይንና ጅራትም ታወጣለታለች። ከዚያ በዘይት ተጠብሶ በቀይ ወጥ ውስጥ ይገባል። ዛሬ የአውሮፓ ሱቆች በሚያምር ማሸጊያ የሚሸጡት «ሥጋ አከል» ምግብ በኢትዮጵያ ማጀት ፋብሪካ ሳያስፈልገው፣ በእናቶች እጅ ሲሠራ ኖሯል።

ምክንያቱ የጾሙ ርዝመት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ይዘልቃል፤ ፍልሰታ የነሐሴን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይይዛል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳሉ። ተደምሮ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ 250 ቀን ገደማ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምሱም። የዓመቱን ግማሽ ያለ ቅቤ የሚያበስል ማጀት በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው ለጾም የራሱን ምግብ ማበጀት ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ አዚፋው፣ ስልጆው፣ ሱፍ ፍትፍቱ ከዚህ የመጡ ናቸው፤ ማንንም አይመስሉም፣ ማንንም አይተኩም። ሁለተኛው የፍስኩን ምግብ በጾም እህል መልሶ መሥራት ነው። የሽምብራ ዓሣ ከዚህኛው ወገን ነው።

ይህ ሁለተኛው መንገድ በስደት አገር ይበልጥ ይፈለጋል። ለምሳሌ በጀርመን ጻይልስሃይም ከፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ በኤስ 2 ባቡር ሄክስትን አልፎ የሚደረስበት የከተማዋ ምዕራባዊ ሰፈር ነው። የሄክስት የቀለም ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ያሠራቸው ጓሮ ያላቸው ቤቶች አሁንም ይታዩበታል። እንዲህ ባለ ሰፈር የሚኖር ጾመኛ ዓቢይ ጾምን የሚቀበለው ገና ብርዱ ሳይለቅ ነው። በአገር ቤት ከቤቱ ወጣ ሲል የጾም በያይነቱ የሚያቀርብ ምግብ ቤት አያጣም፤ ሰፈሩ ሁሉ አብሮት ይጾማል። በጀርመን ግን የሥራ ቦታው ካፌ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የጎረቤቱ ማዕድ ሁሉ ፍስክ ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ነገር ሆድን ብቻ ሳይሆን ትዝታንም ማጥገብ ይጠበቅበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዶሮ ወጥን በጾም መሥራት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዶሮውን በምን ልተካው?» የሚለው ነው። መጠየቅ ያለበት ግን «ወጡን ዶሮ ወጥ ያደረገው ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮው አይደለም። ቁሌቱ፣ ቅቤው ውስጥ የገባው ቅመም፣ መከለሻውና እሳቱ ላይ የጠፋው ሰዓት ነው። ሥጋ ለወጥ የሚሰጠው ስብ፣ ወፈር ያለ መረቅ፣ ሲጠበስ የሚወጣው መዓዛና የሚታኘክ ነገር ነው። እነዚህ አራቱ አንድ በአንድ ሊተኩ ይችላሉ፤ በአንድ እሽግ ምግብ ግን ሁሉም አይተኩም።

ከስብ እንጀምር፤ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነውና። ንጥር ቅቤ መዓዛውን የሚያገኘው ከወተቱ ብቻ ሳይሆን አብረው ከሚነጠሩት ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ ጭምር ነው። የእነዚህ ቅመሞች ሽታ በስብ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ ስቡ የላም ይሁን የተክል ለቅመሙ ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ በጀርመን ሱቅ ሁሉ በርካሽ የሚገኘው የጎመን ዘር ዘይት፣ «ራፕስኧል» የሚሉት፣ ለዚህ ሥራ ይሆናል። አንድ ሊትር ዘይት በዝግታ እሳት ላይ ተጥዶ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባበታል፤ ቀጥሎ ቅመሞቹ ይጨመራሉ። ሽንኩርቱ ሳያር፣ ዘይቱ ሳይጨስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠለላል። ቤቱን የሚሞላው ሽታ ቅቤ ሲነጠር ከሚሸተው ብዙም አይርቅም። አንድ ጥንቃቄ ግን የግድ ነው፦ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቆይ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ በሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ዘይቱ ከተዘጋጀ ዶሮ ወጡ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የቀረው ግማሽ ቁሌት ነው፣ እሱ ደግሞ ትዕግሥት ነው። የጀርመን ትልልቅ ሽንኩርት ከአበሻው ቀይ ሽንኩርት ይልቅ ውኃና ስኳር ይበዛዋል፤ ቶሎ ይልማል፣ ወጡንም ያጣፍጠዋል። ትንንሹ «ሻሎተ» የሚባለው ሽንኩርት ይቀርበዋል፤ ዋጋው ከከበደ ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ይቻላል። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ደቅቆ ተከትፎ ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ይቁላላል፤ ሊይዝ ሲል የፈላ ውኃ ጠብ ይደረግበታል። ውኃው ደርቆ ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆን ቅመም የገባበት ዘይት ይጨመራል፤ ከዚያ በርበሬው። በርበሬው ጥሬ ሽታው እስኪለቅ ቢያንስ አንድ ሰዓት በዝግታ መብሰል አለበት። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ቀይ ወጥ ያገኛል እንጂ ዶሮ ወጥ አያገኝም።

ዶሮ በመብሰል ላይ ሳለ ከአጥንቱና ከቆዳው የሚወጣው ነገር መረቁን ያወፍረዋል። በጾሙ ድስት ይህን ቦታ የሚይዘው እንጉዳይ ነው። 250 ግራም እንጉዳይ እንደ ቡና ዱቄት እስኪመስል ደቅቆ ተከትፎ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ቢቁላላ በወጡ ውስጥ ይጠፋል፤ ቅርጹ አይታይም፣ ጣዕሙ ግን ይቀራል። ይህም የሚሆነው እንጉዳይ በተፈጥሮው ሥጋን የሚያጣፍጠው ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። የዶሮውን ብልት ለመተካት ደግሞ ቶፉ ይሆናል፤ ግን እንደተገዛ አይደለም። ከነማሸጊያው በበረዶ ቤት አድሮ ከቀለጠ በኋላ እንደ ስፖንጅ ብዙ ቀዳዳ ያወጣል፤ ውኃው በእጅ ተጨምቆ ሲወጣለት ቁሌቱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሲታኘክም ይጠነክራል። በልማዱ መሠረት 12 ቦታ ተቆርጦ፣ በዘይት ተጠብሶ ወጡ ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይገባል። ለእንቁላሉ የሚቀርበው ትንሽ ድንች ነው። እንቁላል በቢላ እየተጫረ እንደሚገባ ሁሉ፣ ተቀቅሎ የተላጠ ድቡልቡል ድንችም ዙሪያውን ተጭሮ ሲገባ ወጡ ይሰርገዋል። መጨረሻ ላይ መከለሻው፣ ማለትም ቁንዶ በርበሬው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማውና ቅርንፉዱ ይነሰነስበታል። መከለሻ የሌለው ወጥ የቱንም ያህል ቢለፋበት የበዓል ወጥ አይሸትም።

ጥብስ ከዶሮ ወጥ ይቀላል፣ ምክንያቱም የጥብስ መዓዛ ግማሹ ከአንድ ቅጠል ነው። ሮዝማሪ በአማርኛ የጥብስ ቅጠል ወይም የሥጋ መጥበሻ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። በጀርመንም በየሱቁ በማሰሮ ተተክሎ ይሸጣል፣ በጻይልስሃይም ጓሮዎችም በአግባቡ ከተያዘ ይከርማል። ለሥጋው የሚቀርበው እግሩ ወፍራም የሆነው እንጉዳይ ነው፤ ጀርመኖች «ክሮይተርዛይትሊንግ» ይሉታል። በርዝመቱ በእጅ ሲቀደድ እንደ ሥጋ ጭረት ይለያያል። እንጉዳይ አብዛኛው አካሉ ውኃ ስለሆነ ጨው አስቀድሞ ከተደረገበትና ድስቱ ከተሞላ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻው በጣም መጋል አለበት፤ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ ሳይማሰል ጎኑ ቡናማ እስኪሆን ይተዋል፤ ጨውና ቅመም ያለው ዘይት የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ተጨምሮ ወዲያው ይነሣል። በሄሰን ክፍለ ግዛት በመኖሪያ ቤቶች የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኖሩ ግዴታ ስለሆነ፣ ይህን ጥብስ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ መስኮት ይክፈት።

ክትፎ ከሁሉም የሚያስቸግር ይመስላል፤ ጥሬ ሥጋን በምን ማስመሰል ይቻላል? መልሱ በፍራንክፈርት መንገድ ላይ ነው። የቱርኮቹ ቺ ኮፍቴ በጥንቱ አሠራር ጥሬ ሥጋ ከደቃቅ ቡልጉር ጋር ታሽቶ የሚሠራ ምግብ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ግን በንጽሕና ሕግ ምክንያት ሥጋ የሌለበት፣ በቡልጉር፣ በቲማቲም ድልህና በቅመም ብቻ የሚታሽ ነው። አንድ ሕዝብ የጥሬ ሥጋ ምግቡን ወደ እህል ሲለውጥ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ መማር ይቻላል። ደቃቅ ቡልጉር በሙቅ ውኃና በቲማቲም ድልህ ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ እስኪላላ በእጅ ታሽቶ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማና ለብ ያለ ቅመም ያለው ዘይት ሲገባበት ቀለሙም መዓዛውም ወደ ክትፎ ይቀርባል። ከጎኑ የሚቀርበው አይብ በእጅ ተፈርፍሮ ሎሚ የተጨመቀበት ቶፉ ሊሆን ይችላል። ለነገሩ ክትፎ የሚለው ቃል ከመክተፍ የመጣ ነው፤ በጉራጌ ማዕድ ጎመን ክትፎ ከሥጋው ክትፎ ጎን የራሱ ቦታ አለው። ጎመኑን በደንብ አድቅቆ ከትፎ በቅቤ ፈንታ ቅመም ባለው ዘይት የሠራ ሰው ምንም አላስመሰለም፤ በስሙ የሚጠራውን ምግብ ራሱን ሠርቷል።

ምንቸት አብሽ የሶያ ቦታ ነው። በጀርመን ሱፐርማርኬት «ሶያግራኑላት» እየተባለ የሚሸጠው ደረቅ ፍርፍር ዘይቱ ከወጣለት የሶያ ዱቄት የተሠራ ሲሆን፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ብዙ ሰው የማይወደው ሽታው ስለሚያስቸግረው ነው። ሽታው የሚጠፋው አሥር ደቂቃ ተቀቅሎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ሲጨመቅ ነው። ሳይጨመቅ ወጥ ውስጥ የገባ ሶያ በውስጡ የያዘው ውኃ እንጂ ቁሌት አይደለም። ከተጨመቀ በኋላ በዘይት ጠብሶ ወደ ወጡ መጨመር ይሻላል።

ቋንጣ ፍርፍር የሚወድ ሰውም መፍትሔ አለው። ያው ወፍራሙ እንጉዳይ በቀጭኑ ተቀድዶ፣ በጨው፣ በበርበሬና በዘይት ታሽቶ ይደርቃል። በአገር ቤት ቋንጣ በገመድ ላይ ይሰጣል፤ የራይን ማይን አካባቢ እርጥብ አየር ግን ለዚህ አይመችም። ምድጃው 80 ዲግሪ ላይ ተደርጎ በሩ በእንጨት ማንኪያ ገርበብ ብሎ ለጥቂት ሰዓታት ቢቆይ ይደርቃል። ከዚያ እንደ ቋንጣ ተሰባብሮ ድልህ ውስጥ ይገባና እንጀራው ይፈረፈርበታል። የእንቁላል ፍርፍር ደግሞ ከጥንትም ምትክ ነበረው፦ ቡጢጫ። የሽምብራ ዱቄት በውኃና በዘይት በስሎ ሲቀዘቅዝ ይፈረፈራል፤ ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲገባበት ማንም የእንቁላል ፍርፍር ነው ይላል።

ጊዜ የሌለው ሰው የተዘጋጀውን ሊገዛ ይችላል፤ ጀርመን ለዚህ ሰፊ ገበያ አላት። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፦ በኋላ የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያ መራሔ መንግሥት የሆኑት ኮንራድ አደናወር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ረሃብ ጊዜ የኮሎኝ ከንቲባ ሳሉ ሶያ የገባበት ቋሊማ ፈልስፈው በ1918 እ.ኤ.አ. ከብሪታንያ ፓተንት አግኝተውበታል። ዛሬ በመደርደሪያው ላይ ያለው ብዙ ነው፤ ለጾመኛ ግን ሁሉም አይሆንም። «ቬጌታሪሽ» የሚለው ጽሑፍ ሥጋ የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል፣ ብዙ ጊዜም አለበት። ለጾም የሚሆነው «ቬጋን» የሚል የተጻፈበት ነው። ጥርጣሬ ካለ ጀርባው ይነበብ፦ ከ2014 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮች በዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው እንዲጻፉ ያዝዛል። «አይ» እንቁላል ነው፤ «ሚልሽ» ወተት፤ «ሞልከ» አጓት። በተመሳሳይ «ቡተር» የሚል ቃል በዳቦም በብስኩትም ውስጥ ይገኛል።

ሽምብራውም ትኩረት ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሽምብራ በብዛት በማምረት ቀዳሚ ናት። በፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው የሙንሽነር ጎዳና የእስያና የቱርክ ሱቆች ግን የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የሕንዶቹ የሽምብራ ዱቄት ነው። እሱ ሳይቆላ የተፈጨ ስለሆነ ጥሬ ሽታ አለው። ከመታሸቱ በፊት በደረቅ መጥበሻ ላይ ቀለሙ ትንሽ እስኪለወጥ ቢቆላ የአገር ቤቱን ይመስላል።

ፈረንጆቹም ስለ ጾም ምግብ የራሳቸው ተረት አላቸው። ከፍራንክፈርት በስተደቡብ ባለው የሽቫበን አገር ማውልታሸ የሚባል ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚበስል ምግብ አለ፤ በአፈ ታሪክ እንደሚባለው በጾም ሥጋውን ከእግዚአብሔር ዓይን ለመደበቅ የታሰበ ነው። ፍራንክፈርት ደግሞ በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ሰባት ዓይነት ቅጠል ተከትፎ የሚገባበትን አረንጓዴ ሶስ ትበላለች። በማውልታሸ ሥጋው በሊጥ ተሸፈነ፤ በሽምብራ ዓሣ ሊጡ ራሱ ዓሣ ሆነ። የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አንዱ ሥጋውን ይዞ ጾሙን ያታልላል፣ ሌላው ጾሙን ጠብቆ ዓይንን ያስደስታል።

ሆኖም ጥያቄው በቤተ ክርስቲያን ልጆች መካከልም ይነሣል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ ዓላማው የፈቃደ ሥጋን ኃይል ማድከም እንደሆነ ያስተምራል። ታዲያ በጾም የዶሮ ወጥ ጣዕም ፍለጋ ሦስት ሰዓት ምድጃ ላይ መቆም ከዚህ ጋር ይሄዳልን? አባቶች «ሆድን ማታለል ነው» ብለው ቢገሥጹ የሚያስገርም አይሆንም። ለአዋቂ ሰው ተግሣጹ ተገቢ ነው፤ በሕማማት ሳምንት በተለይ ድስቱ ቀለል ቢል ይመረጣል። በባዕድ አገር የሚያድግ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ቋሊማ ሲበሉ እሱ በቤቱ ቡጢጫና እንጉዳይ ጥብስ ካገኘ፣ ጾምን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ቤቱ ሥርዓት ይይዘዋል። ይህ ጽሑፍ ለዚህኛው ወገን ያደላል።

ስለ ጤናም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ቫይታሚን ቢ 12 በተክል ምግብ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከእንስሳት ምግብ የሚርቅ ሰው፣ በተለይም ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት፣ ሐኪም ማማከር አለበት። የጤፍና የምስር ብረት ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር ሲበላ በሰውነት ይበልጥ ይወሰዳል። ቡና ግን ይህን ያግዳል፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው ከመጠጣት አንድ ሰዓት ማቆየት ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መሞከር ያለበት የሽምብራ ዓሣ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ከቤት ልጆች ጋር ሊሠራ ይችላል፣ የራሳችንም ነው። 300 ግራም የተቆላ የሽምብራ ዱቄት በአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በጨውና በጥቂት በርበሬ ይለወስ፤ ውኃው በማንኪያ እየተጨመረ ጠንካራ ሊጥ ይሁን፤ ከአንድ ሳንቲሜትር ሳይበልጥ ተዳምጦ ይቆረጥ። ልጆቹ ዓሣውን ይሣሉበት። በዘይት ሁለቱም ጎኑ ወርቃማ እስኪሆን ተጠብሶ ይቀመጥና፣ ቁሌቱ ቀጠን ብሎ ከተዘጋጀ በኋላ ለመቅረብ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ብቻ ይግባ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይፈርሳል። ይህ ለአራት ሰው ይበቃል።